ሙዚቃዊ ቴአትር በልጆቹ ልክ፦ በሐዋሳ ወጣቶችን ለመድረክ ማሠልጠን

በሰፈር ደረጃ ወጣቶችን ሰብስቦ ሙዚቃዊ ቴአትር ለማሠልጠን የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ከተውኔቱ ነው። ጽሑፉን ያዘጋጃል፣ ዜማዎቹን ይመርጣል፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የሚሆን ልጅ ፍለጋ ይወጣል። እኔም በሐዋሳ የመጀመሪያውን ቡድን ስይዝ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ከፍ ያለውን ዜማ ለማውጣት ስትታገል የነበረችው መሪ ተዋናይ በሦስተኛው ሳምንት ድምፅዋ ተዘጋ፤ የአባቷን ቦታ የያዘው ልጅ ደግሞ ወላጆቹ የሚዘፍን መሆኑን የሰሙ ዕለት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቅደም ተከተሉን ገልብጬ እሠራለሁ፤ መጀመሪያ የቀን መቁጠሪያው፣ ቀጥሎ ቤተሰቡና ልጆቹ፣ ከዚያ የልጆቹ ድምፅ፣ በመጨረሻ ተውኔቱ። ልብስ በልጁ ልክ ይሰፋል እንጂ ልጁ በልብሱ ልክ አይቆረጥምና ይህንን መመሪያ የጻፍሁትም በዚሁ አካሄድ ነው።

ሙዚቃዊ ቴአትር ሲባል በትዕይንቶች መካከል ማረፊያ እንዲሆን ዘፈን የተሰካበት ድራማ ማለት አይደለም። ዜማው ቢወጣ ታሪኩ የሚጎድል መሆን አለበት፤ ገጸ ባሕርይዋ በንግግር ልትገልጸው ያልቻለችውን ነገር በዜማ ትናገራለች፣ ዜማው ሲያልቅም ሲጀመር ከነበረችበት ቦታ ላይ አትገኝም። ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ ነው የሚሉ ሰዎች ያጋጥማሉ፤ ይሁን እንጂ በአገራችን ዘመናዊ ቴአትር ዜማና ተውኔት የተለያዩት ዘግይተው ነው። ቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ባለቅኔ፣ ተውኔት ጸሐፊና የዜማ ሰው በአንድነት ነበሩ፤ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርም ሙዚቃን፣ ውዝዋዜንና ድራማን በአንድ መድረክ ሲያቀርብ ኖሯል። ከልጆቹ አያቶች መካከል በደርግ ዘመን በቀበሌ ኪነት ቡድን የተሳተፉ አይጠፉምና ለወላጆች ስብሰባ እነርሱንም መጥራት ይጠቅማል፤ ብዙ ነገር ማስረዳት አያስፈልጋቸውም።

ቀኑን አስቀድሞ መቁጠር

ለእንዲህ ያለ ሥልጠና የሚመቸው ጊዜ ክረምቱ ነው። ከመስከረም እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ልጆቹ በትምህርትና በፈተና ስለሚያዙ በሳምንት ከአንድ ቀን በላይ ማግኘት አይቻልም፤ ሐምሌና ነሐሴ ግን ስምንት ሳምንት ይሰጣሉ። በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 2 ሰዓት ቢሠራ የሚገኘው 48 ሰዓት ነው። ከልምዴ እንደተረዳሁት ጀማሪ ወጣቶች መድረክ ላይ ለምትታይ ለእያንዳንዷ ደቂቃ ቢያንስ የአንድ ሰዓት ልምምድ ያስፈልጋቸዋል፤ ስለዚህ 48 ሰዓት ሊሸከም የሚችለው ከ35 እስከ 40 ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ብቻ ነው። በአንድ ክረምት የአንድ ሰዓት ተኩል ተውኔት አደርሳለሁ የሚል አዘጋጅ ወይ ልጆቹን እስከ ምሽት ሊያቆያቸው ነው፣ ወይ ግማሹን ሳያጠኑት ሕዝብ ፊት ሊያወጣቸው ነው።

እነዚህ ስምንት ሳምንታትም ቢሆኑ ባዶ አይደሉም። ሐምሌ 19 ቀን የቅዱስ ገብርኤል በዓል በሐዋሳ ሲከበር ከየአቅጣጫው በሚመጣው ምእመን ከተማዋ ስለምትሞላ በዋዜማውና በበዓሉ ዕለት ልምምድ መያዝ ከንቱ ድካም ነው፤ ባጃጅ እንኳ በቀላሉ አይገኝም። ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ደግሞ ፍልሰታ ይገባል። ይህ ጾም ሕፃናት ጭምር የሚጾሙትና ቀን ቀን የሚያስቀድሱበት ስለሆነ የኦርቶዶክስ ልጆች ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት እንዲመጡ መጠበቅ አይገባም፤ ሲመጡም ገና እህል ሳይቀምሱ ሊሆን ስለሚችል ከባዱ የውዝዋዜ ልምምድ ከነሐሴ በፊት ይለቅ። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ስለሚቀድም በየትኛው ወር እንደሚውል በየዓመቱ ማየት ያስፈልጋል። የ12ኛ ክፍል ተፈታኞችን በተመለከተ ፈተናቸውን እስኪጨርሱ ድረስ ዋና ቦታ አለመስጠት ይሻላል።

በትምህርት ዘመኑ መካከል አነስ ያለ ዝግጅት ለማቅረብ የሚያስቡ ደግሞ ፍቼ ጫምባላላን ማስታወስ አለባቸው። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሰፈረው ይህ የሲዳማ የዘመን መለወጫ በቋሚ ቀን አይውልም፤ አያንቶዎች የሚባሉት የሲዳማ ቀን ቆጣሪዎች የሰማይ አካላትን አካሄድ ተመልክተው ቀኑን ይወስናሉ። በዚያ ሰሞን አዳራሽ ለመያዝ የሚዋዋል ሰው ቀኑ ሊቀየር እንደሚችል በውሉ ላይ አስቀድሞ ያስጽፍ።

ወላጆችና «ዘፈን» የሚለው ቃል

በሐዋሳ ወጣቶችን ለዚህ ሥራ ሲያሰባስቡ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ የድምፅም የገንዘብም አይደለም፤ «ልጄ ዘፋኝ ልትሆን ነው ወይ?» የሚለው ነው። በከተማዋ የወንጌላውያን አማኝ የሆነ ብዙ ቤተሰብ አለ፤ ከእነርሱም በርካታዎቹ መዝሙርንና ዘፈንን በጥብቅ ይለያሉ፣ ዘፈንንም ከኃጢአት ይቆጥራሉ። የኦርቶዶክስ ቤተሰብም ቢሆን በዐቢይ ጾም ልጁ ሲጨፍር ማየት አይሻም፤ በሙስሊም ቤተሰብ ዘንድም ሴት ልጅ በሕዝብ ፊት መወዛወዟ ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል። ይህንን ሁሉ እንደ ኋላ ቀርነት ቆጥሮ በዙሪያው ለማለፍ የሚሞክር አሠልጣኝ የወላጁን እምነትም ልጁንም በአንድ ቀን ያጣል። ደግሞም ነገሩ በሌላ በኩል ሲታይ በረከት ነው፤ በከተማችን ጆሯቸው የተገራ፣ በኅብረት መዘመር የሚያውቁ ልጆች የሚገኙት በአብዛኛው ከአብያተ ክርስቲያናት ኳየሮችና ከሰንበት ትምህርት ቤቶች ነውና።

መፍትሔው ሁሉንም ነገር አስቀድሞ በግልጽ ማሳየት ነው። አንድም ልጅ ከመመዝገቡ በፊት ወላጆች ይጠሩ፤ ታሪኩ ምን እንደሆነ ይነገራቸው፤ የተጻፉ ግጥሞች ካሉ ቃል በቃል ይነበብላቸው፤ ገና ካልተጻፉም ሲጻፉ ቀድመው እንደሚያዩአቸው ቃል ይገባላቸው፣ ቃሉም ይጠበቅ። በቴአትር ውስጥ የምትዘምረው ልጅቱ ሳትሆን ገጸ ባሕርይዋ መሆኗን ማስረዳት አንዳንዱን ወላጅ ያሳምናል፣ አንዳንዱን አያሳምንም። ያልተስማማውን ወላጅ ለማግባባት «ኧረ መዝሙር ነው» ብሎ ማታለል ግን ፈጽሞ አይገባም፤ እውነተኛውን መዝሙር ወስዶ በተውኔት መካከል ማስገባትም አማኙን ያስቀይማልና በሁለቱም በኩል ቢቀር ይመረጣል። እኔ ራሴ ከጊዜ በኋላ «የቴአትር ዜማ» ማለትን ለምጃለሁ፤ ቃሉ ጥያቄውን ባይፈታውም ንግግሩን በጠብ ከመጀመር ያድናል። ልጁ እንዲዘምር ያልፈቀደ ወላጅ በንግግር ብቻ እንዲተውን ወይም በመብራት፣ በአልባሳትና በመድረክ ዝግጅት እንዲሠራ ብዙ ጊዜ ይፈቅዳል። እነዚህ ሥራዎች የተረፈ ሰው የሚወረወርባቸው ሳይሆኑ እንደ ትወናው ሥልጠና የሚሰጥባቸው መሆናቸው ከመጀመሪያው ቀን መታየት ይኖርበታል።

ከስብሰባው በኋላ ወላጅ የሚፈርምበት ወረቀት አጭርና ግልጽ ይሁን፦ ልምምዱ የሚውልበት ቀንና ሰዓት፣ ልጁ በማን ታጅቦ እንደሚመጣና እንደሚመለስ፣ የጤና ችግር ካለበት፣ ፎቶና ቪዲዮ እንዲነሣ መፈቀድ አለመፈቀዱ፣ በችግር ጊዜ የሚደወልለት ሰው። ፊርማውን ከልጁ እጅ ከመቀበል ይልቅ ከወላጁ ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቶ መቀበል ይሻላል፤ የልጆችን ፊርማ የማስመሰል ችሎታ እናውቀዋለን።

የምልመላ ቀን

ልጁን ብቻውን አቁሞ፣ ጠረጴዛ ዘርግተው ከተቀመጡ ሦስት ዳኞች ፊት «በል ዝፈን» ማለት በቴሌቪዥን ያምር ይሆናል፤ የሰፈር ልጅን ለመምረጥ ግን የማይረባ ዘዴ ነው። በዚያ መንገድ የሚመረጠው ደፋሩ እንጂ ችሎታ ያለው አይደለም። ከዚያ ይልቅ ሠላሳ ያህል ልጆችን አንድ ሙሉ ጠዋት አብሮ ማጫወት ይበልጣል። ወንዶቹ በቡሄ ሆያ ሆዬ ሲሉ፣ ሴቶቹ በእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ ሲሉ አውጪና ተቀባይ ሆኖ መዘመርን የለመዱ ስለሆነ በዚሁ መጀመር ፍርሃትን ይሰብራል። ያላደጉበት ልጆች ካሉ እነርሱ ከሠፈራቸው የሚያውቁትን ያውጡ፣ ሌላው ይቀበል። ቀጥሎ አሠልጣኙ በጭብጨባ አንድ ምት ሰጥቶ መልሰው እንዲያጨበጭቡ ያድርግ፤ አራት አራት ሆነው ያለ ቃል አንዲት አጭር ታሪክ እንዲሠሩም ጊዜ ይስጣቸው። በዚህ ጊዜ የሚመዘገበው ድምፁ የሚያምረው ማን እንደሆነ ብቻ አይደለም፤ ሌላው ሲያወጣ የሚያዳምጠው፣ የተሳሳተውን ጓደኛውን ሳያሾፍ የሚያግዘው፣ ከዕረፍት በሰዓቱ የሚመለሰው ጭምር ነው። በስምንተኛው ሳምንት ሥራውን የሚሸከሙት እነዚህ ናቸው።

ሁለት አሠልጣኞች በደንብ ሊይዙ የሚችሉት ከ20 እስከ 24 ልጆችን ነው። ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 17 ቢሆን አብረው ይሠራሉ፤ ከዚያ በታች ያሉት ለብቻቸው አጭር ሰዓት ቢሰጣቸው ይሻላል። ለእያንዳንዱ ልጅ በደብተር አንድ ገጽ ይከፈትለት፤ ዕድሜው፣ የሚኖርበት አካባቢ፣ የሚናገራቸው ቋንቋዎች፣ የሚጾመው ጾም፣ ሳይጨነቅ የሚያወጣው ዝቅተኛና ከፍተኛ ድምፅ ይጻፍበት። ይህ ደብተር ከተውኔቱ በላይ ዋጋ አለው፤ ተውኔቱ የሚጻፈው ከዚህ ደብተር ነውና።

የልጆቹ ድምፅ

በዚህ ዕድሜ ድምፅ የሚለዋወጥ ነገር ነው። የወንዶች ማንቁርት ከ12 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ገደማ በፍጥነት ያድጋል፣ የድምፅ አውታራቸው ይረዝማል፣ ይወፍራልም፤ ድምፃቸው ወደ አንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት) ያህል ዝቅ ብሎ እስኪረጋ ድረስ ለወራት ይሰነጣጠቃል። የሴቶቹም ድምፅ መጠነኛ ለውጥ ያደርጋል፤ ለጊዜው አየር የበዛበትና የሻከረ ሊሆን ይችላል። ድምፁ እየጎረነነ ያለ ልጅ ትናንት ያወጣውን ዜማ ዛሬ ባያወጣው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ይህንን ለራሱ ለልጁም ለቡድኑም በመጀመሪያው ሳምንት ማስረዳት ሳቁን ይቀንሳል። ለእንደዚህ ያለው ልጅ ከአምስት ወይም ከስድስት ኖታ የማያልፍ ዜማ ይሰጠው፤ ከፍ ያለው ክፍል ሲደርስ ዝም እንዲል ወይም ዝቅ አድርጎ እንዲይዝ ይፈቀድለት። ከቡድኑ ማስወጣት ግን አይገባም፤ በዚህ ጊዜ የተገፋ ወንድ ልጅ ዳግመኛ ወደ ዜማ የማይመለስ ሆኖ አይቻለሁ።

ድምፃቸው ገና ላልተለወጠ ልጆች የሚመቸው ከመካከለኛው ዶ እስከ ከበላዩ ኦክታቭ ሬ ያለው ነው። ብዙ የታወቁ ዜማዎች የተቀረጹት በአዋቂ ድምፅ ስለሆነ ልጆቹ እንዳለ ሲከተሏቸው ወይ ከሥር ያጉረመርማሉ ወይ ከላይ ይጮኻሉ። ኦርጋን ካለ የትራንስፖዙን ቁልፍ ተጠቅሞ ዜማውን ለልጆቹ ወደሚስማማው ማዛወር የሁለት ሴኮንድ ሥራ ነው፤ ክራር ከሆነ መቃኘት ይጠይቃልና ከልምምዱ በፊት ይለቅ። ወንድ አሠልጣኝ ዜማ ሲያስጠና ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበል፦ እርሱ በወፍራም ድምፁ ሲያወጣ ትንንሾቹ ያንኑ ዝቅታ ሊከተሉ እየሞከሩ ዜማውን ይስቱታል። ልጆቹን በራሳቸው ከፍታ የምትመራ አንዲት ልጅ መርጦ እርሷን አውጪ ማድረግ ይህንን ችግር ይፈታዋል።

ልምምድ ሁሉ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በሚወስድ ማሟሟቂያ ይጀመር። ከንፈርን አላልቶ እንደ ባጃጅ ሞተር ማርገብገብ፣ አፍ ዘግቶ ማንጎራጎር፣ ከታች ወደ ላይ እንደ አምቡላንስ ድምፅን ማንሸራተት፣ በስትሮ ውሃ ውስጥ እየነፉ ዜማ ማውጣት፤ እነዚህ ወጪ የሌላቸው ልምምዶች ድምፅን ሳይጎዱ ያነቃሉ። ትከሻ እየተነሣ የሚገባ ትንፋሽ አጭር ስለሆነ ልጆቹ እጃቸውን ጎናቸው ላይ አድርገው የጎድን አጥንታቸው ወደ ውጭ ሲሰፋ እንዲሰማቸው ያድርጉ። ድምፁ የሻከረ ልጅ በሹክሹክታም ቢሆን እንዲናገር አይገፋፋ፤ ዝም ይበል፣ ውሃ ይጠጣ፣ ሁለት ሳምንት ካለፈው ወደ ጤና ባለሙያ ይሂድ። ጥሬ እንቁላል፣ ዝንጅብልና ቁንዶ በርበሬ ድምፅ ያወጣሉ የሚለው ምክር በየልምምዱ ይነሣል። ሙቅ መጠጥ ጉሮሮን ያሳርፍ ይሆናል፤ የደከመ ድምፅን የሚመልሰው ግን ዕረፍት ብቻ ነው።

ቅኝትን በተመለከተ ለጀማሪዎች ከትዝታ ሜጀር የተሻለ መነሻ አላገኘሁም፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብቻ ስለሆነና በኖታዎቹ መካከል ግማሽ ድምፅ ስለሌለበት ልጆቹ ከቃና ሳይወጡ ይይዙታል። አምባሰልና አንቺሆዬ ግማሽ ድምፆች ስላሉባቸው ጆሮ ከተላመደ በኋላ ቢመጡ ይመረጣል፤ በተለይ አንቺሆዬ ብዙ ድምፅ በአንድነት ሲያወጣው በቀላሉ ይንሸዋረራል። ከኳየር የመጡት ልጆች በድምፅ ተከፋፍሎ መዘመርን፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት የመጡት ደግሞ በአንድ ድምፅ ከከበሮ ጋር መሄድን ስለሚያውቁ አንዱ ሌላውን እንዲያስተምር ማድረግ አሠልጣኙን ያሳርፋል።

ግጥሙንና ዜማውን ማዘጋጀት

የራስን ዜማ መሥራት ከመብት ጥያቄም ያድናል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ ስለዚህ የታወቀ ዘፈን ወስዶ ግጥሙን ቀይሮ መድረክ ላይ ማቅረብ የባለቤቱን የጽሑፍ ፈቃድ ይፈልጋል። የሰፈር ሥራ ነው፣ ትርፍ የለውም ማለት ፈቃድን አይተካም።

ታሪኩን ከልጆቹ አፍ መሰብሰብ ይቻላል። አሞራ ገደል ዓሣ ከሚያጠምዱ ሰዎች መካከል የአንዱ ልጅ፣ በኢንዱስትሪ ፓርክ ለመሥራት ከገጠር የመጣች እህት፣ ታቦር ተራራ ላይ ለፈተና የሚያጠኑ ተማሪዎች፤ ሐዋሳ የሚያውቃቸው ሰዎች እነዚህ ናቸው። የሚከተለውን መነሻ ለልምምድ የጻፍሁት ነው፦

ከሐይቁ ዳር ቆሜ ማዕበሉን ሳየው፣
ያባቴ ጀልባ ነው በሩቅ የሚታየው።

ይህ የወል ቤት ነው፤ እያንዳንዱ መስመር በሁለት ስድስት ስድስት ቀለም (በአንድ ጊዜ የሚነገር የቃል ክፍል፤ «ዳር» አንድ፣ «ቆሜ» ሁለት ቀለም ነው) ይከፈላል። ልጆቹ በጣታቸው እየቆጠሩ ሊሠሩት ይችላሉ፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከ20 ልጆች አሥር ስንኝ ይገኛል፣ ከእርሱም ሁለቱ ለመድረክ ይበቃሉ። ፈጠን ያለ ትዕይንት ከሆነ በአምስት አምስት ቀለም የሚሄደው ሰንጎ መገን ይስማማል።

ግጥሙ በዜማ ሲለብስ ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው ጥብቀትና ልላት ነው። «ዋና» ሲላላ በሐይቅ ውስጥ መዋኘት ነው፣ ሲጠብቅ ግን ዐቢይ ማለት ነው፤ «ገና» ሲላላ ያልደረሰ፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ኖረ። በንግግር የማይሳሳተው ልጅ ዜማው ከጠባቂው ፊደል በፊት ያለውን ድምፅ ሲያስረዝምበት ጥብቀቱን ይበላውና ትርጉሙ ይገለበጣል። ስለዚህ ዜማ ደራሲው ቃሉን መጀመሪያ ጮክ ብሎ በንግግር ምት ይበለው፤ ረጅሙን ኖታ ጠባቂው ፊደል ካለፈ በኋላ ያሳርፈው። ሁለተኛው ወጥመድ ሳድስ ነው። «ሐይቅ» ወይም «ልብ» ብሎ ረጅም ድምፅ መያዝ አይቻልም፤ አፍ ይዘጋል። ረጅምና ከፍ ያለ ድምፅ የሚያምረው በራብዕና በሳብዕ ላይ ሲሆን ከፍታው በጨመረ ቁጥር ካዕብና ሣልስ ለልጆች ይከብዳቸዋል። ከላይ ያለው ስንኝ በ«ው» ስለሚዘጋ ልጆቹ «የ» ላይ ቆይተው «ው»ን መጨረሻ ላይ፣ ሁሉም በአንድ ቅጽበት እንዲዘጉት ማስለመድ ያስፈልጋል፤ ይህ ካልሆነ ሃያ «ው» በሃያ ጊዜ ይሰማል።

ስለ ቋንቋ አንድ ነገር ልጨምር። በሐዋሳ መንገድ አማርኛ፣ ሲዳሙ አፎ፣ ወላይትኛና ሌሎችም ይሰማሉና ቴአትሩም ቢያሰማቸው ተፈጥሯዊ ነው። ነገር ግን በመድረኮቻችን ከአማርኛ ውጭ የሚናገረው ገጸ ባሕርይ ሁልጊዜ የሚያስቅ ሰው የሚሆንበት መጥፎ ልማድ አለ። በታሪኩ ውስጥ ያለችው እናት በሲዳሙ አፎ ታንጎራጉር፣ ልጇን በዚያው ታጽናና፤ ቋንቋው የሚያስለቅሰውን ትዕይንት ሲሸከም ተመልካቹ ያከብረዋል። ግጥሙን የሚጽፈው ግን ቋንቋውን ከቤቱ የሚናገረው ልጅና ቤተሰቡ እንጂ ተርጓሚ አይሁን።

እንቅስቃሴና ውዝዋዜ

እስክስታ እየመቱ መዘመር ትንፋሽን ይነጥቃል። ስለዚህ ዜማው ቆሞ እስኪጠና ድረስ እንቅስቃሴ አይጨመር፤ ሲጨመርም በመዘመር ላይ ያለው ቀለል ያለውን፣ በዚያ ጊዜ የማይዘምረው ከባዱን ይያዝ። የብሔረሰብ ጭፈራ ሲወሰድ ከባለቤቶቹ መማር ግዴታ ነው። ለምሳሌ ቄጣላ የተባለው የሲዳማ ጭፈራ በፍቼ የሚታይ፣ የራሱ ክብርና ሥርዓት ያለው ነገር ስለሆነ የትኛው ክፍል በመድረክ ሊታይ እንደሚገባ ሽማግሌዎችን መጠየቅ ይቀድማል፤ እምቢ ካሉም መተው ነው።

የልምምዱ አካሄድና የልጆቹ ደኅንነት

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ለጨዋታ፣ ለድምፅና ለታሪክ መሰብሰብ ይሁኑ። ቀጣዮቹ ሁለቱ ዜማዎቹን ለማጥናት፣ አምስተኛውና ስድስተኛው ትዕይንቶችን ለማቆም፣ ሰባተኛው ሁሉንም ለማያያዝ ይውላሉ፤ በሰባተኛው ሳምንት መጨረሻ አዲስ ነገር መጨመር ይከልከል። ስምንተኛው ሳምንት አልባሳት፣ መብራትና ሙሉ ልምምድ ነው። ለእያንዳንዱ ዋና ቦታ ሁለት ልጆች ያጥኑት፤ ወባ፣ ጉንፋንና ድንገተኛ የዘመድ ጉዞ የክረምት እንግዶች ናቸው። ሁለቱም መድረክ ላይ የሚወጡበት ቀን እንዲኖር ዝግጅቱን ሁለት ጊዜ ማሳየት ተገቢ ነው፤ አለበለዚያ ሁለተኛዋ ልጅ የጓደኛዋን መታመም ስትመኝ ትከርማለች።

አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን እንዳይሆን ደንብ ይውጣ፤ የድምፅ ልምምድ ለብቻ ሲሰጥም በሩ ይከፈት። ወንዶችና ሴቶች የሚለብሱበት ቦታ ይለይ፣ እዚያ ስልክ አይግባ። አሠልጣኝ ለልጅ በግል በሌሊት የስልክ መልእክት አይላክ፤ ማስታወቂያ ሁሉ በወላጆች ቡድን ይተላለፍ። ልምምዱ የቅጥር ሥራ ባይሆንም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጥሩ መለኪያ ይሰጣል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይም፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም እንዳይሠራ ይከለክላል። ተቀጣሪው እንዲህ ከተጠበቀ በፈቃዱ የመጣው ልጅ ከዚያ ባነሰ ሊጠበቅ አይገባም። ለእኛ ደግሞ የተሻለው ደንብ ሁሉም ልጅ ከቀኑ 12 ሰዓት በፊት ቤቱ ይግባ የሚለው ነው። ከበጀቱ መጀመሪያ የሚቀመጠው የባጃጅ እና የዳቦ በሻይ ገንዘብ ይሁን፤ ባዶ ሆድ ልጅ ዜማ አይይዝም።

የዝግጅቱ ቀን

የምዝገባ ወረቀት የሌለው ቡድን በወጣት ማእከል ወይም በትምህርት ቤት ሥር ሆኖ ሊሠራ ይችላል፤ ራሱን ችሎ ድርጅት መሆን የሚፈልግ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ይመዘገባል። የአዳራሽ፣ የባህል ጽሕፈት ቤትና የፖሊስ ደብዳቤዎች ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይግቡ፤ ማኅተም ያለበትን ግልባጭም በዕለቱ በኪስ መያዝ ያስፈልጋል።

ዝግጅቱ ከነሐሴ 16 በኋላ ባለው ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ቢጀመር ጾሙ ይወጣል፣ ልጆቹም ሳይመሽ ይገባሉ። የሐይቁን ዳር ተመኝቶ ሜዳ ላይ ማቅረብ ግን በክረምት አይመከርም፤ ዝናቡ ቢቀር እንኳ ነፋሱ የልጆችን ድምፅ ይወስደዋል። አዳራሽ ሲመረጥ በዝናብ ሰዓት ሄዶ ማዳመጥ ግድ ነው፤ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ጣራ ከሆነ አንድ ዶፍ ሙሉውን ዜማ ይውጠዋል። እስከ 150 ሰው በሚይዝ አዳራሽ ክራርና ከበሮ ይዞ ያለ ሞንታርቦ መሥራት ይቻላል፤ መብራት ቢጠፋም ዝግጅቱ አይቆምም። ሞንታርቦ የግድ ከሆነ አንድ ማይክ ከእጅ ወደ እጅ ከማቀባበል ሁለት ማይክ መድረኩ ፊት ማቆም ይሻላል፤ ማይክ የያዘ ተዋናይ በአንድ እጁ ብቻ ይተውናልና።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የክብር እንግዳው ነው። በአንድ ዝግጅት ልጆቹ አልባሳታቸውን ለብሰው፣ ድምፃቸውን አሟሙቀው፣ ዘግይተው የመጡ እንግዳ እስኪደርሱና ሦስት ንግግሮች እስኪያልቁ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠብቀዋል። መጋረጃው ሲከፈት ግማሾቹ ደክመዋል፣ ትንሿ ልጅ እንቅልፍ ወስዷታል። ከዚያ ወዲህ በጥሪ ወረቀቱ ላይ ንግግር የሚደረገው ከትዕይንቱ በኋላ መሆኑን፣ ትዕይንቱም በተጻፈው ሰዓት እንደሚጀመር እናሳውቃለን። እንግዶች እንደሚቀየሙ ተነግሮን ነበር፤ እስካሁን የተቀየመ አልገጠመንም።

ከመጋረጃው በኋላ

በሦስት ቀን ውስጥ የገቢና የወጪ ሒሳብ ለወላጆች ይነበብ፤ አልባሳት ታጥበው በዝርዝር ይመለሱ፤ የማይፈለግ ቪዲዮ እንዳይሠራጭ የተፈረመው ወረቀት ከቀረጻው ጋር ይመሳከር። በሳምንቱ ልጆቹ ያለ ታዳሚ ተሰብስበው የከበዳቸውንና የወደዱትን ይናገሩ፤ አሠልጣኙም በየልጁ ገጽ ላይ ይጻፍ። ደብተሩ ለሚቀጥለው ሐምሌ ይቀመጥ፤ የድምፅ ልኩ ግን በእርሳስ ይጻፍ፣ በዚያን ጊዜ ከወንዶቹ ግማሽ ያህሉ አዲስ ድምፅ ይዘው ስለሚመጡ እንደገና መለካት ይኖርበታልና።